“እንዲህ የሚባል ወንጀል የለም”፦ የታሮ አሶ ረዥም ወንበር

ሕግ የተማረ ሰው አንዳንድ ጊዜ ስህተት የሌለበት ዓረፍተ ነገር ያናድደዋል። እ.ኤ.አ. በሜይ 2018 የጃፓኑ የገንዘብ ሚኒስትር ታሮ አሶ ማኒላ ላይ ሆነው፣ ጾታዊ ትንኮሳ የሚባል ወንጀል የለም አሉ። የመሥሪያ ቤታቸው ከፍተኛው የመንግሥት ሠራተኛ አንዲት ጋዜጠኛን ተንኩሰዋል ተብለው፣ እሳቸው ቢክዱም፣ ሥራቸውን ከለቀቁ ገና ሳምንታት ብቻ ተቆጥረው ነበር።

እውነት ነው፣ በጃፓን የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ በዚህ ስም የተጻፈ አንቀጽ አልነበረም። ካቢኔውም ቆይቶ ይህንኑ በጽሑፍ አረጋገጠ። ግን ስለ ወንጀል ማን ጠየቃቸው? ጥያቄው በሚመሩት ቤት ስለተፈጠረው ነገር ሚኒስትሩ ምን ኃላፊነት ይወስዳሉ የሚል ነበር። የአሶን የፖለቲካ ሕይወት ለመረዳት ከዚህች አነጋገር የተሻለ መግቢያ አላገኘሁም።

ሰውየው ከታች የመጡ አይደሉም። በ1940 ፉኩኦካ ውስጥ፣ በድንጋይ ከሰልና በሲሚንቶ ከበለጸገ ቤተሰብ ተወለዱ። ከጦርነቱ በኋላ ጃፓንን የመሩት ሺገሩ ዮሺዳ የእናታቸው አባት ናቸው። አማታቸው ዜንኮ ሱዙኪም ጠቅላይ ሚኒስትር ነበሩ። በ1976 በሞንትሪያል ኦሊምፒክ በተኩስ ተወዳደሩ፤ በ1979 ፓርላማ ገቡ። ከ2005 እስከ 2007 የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሆነው፣ በሴፕቴምበር 2008፣ ሌማን ብራዘርስ በከሰረ በቀናት ውስጥ፣ የጠቅላይ ሚኒስትርነቱን መንበር ያዙ። አንድ ዓመት እንኳ በቅጡ አልቆዩም። በኦገስት 2009 ምርጫ ሊበራል ዴሞክራቲክ ፓርቲያቸው ከ300 መቀመጫ ወደ 119 ወረደ።

በብዙ አገር እንዲህ የተሸነፈ መሪ ማስታወሻውን እየጻፈ ያረጃል። አሶ ግን በዲሴምበር 2012 በሺንዞ አቤ ካቢኔ ምክትል ጠቅላይ ሚኒስትርና የገንዘብ ሚኒስትር ሆነው ተመለሱ። በጃፓን ይህ እንደ ውርደት አይቆጠርም፤ ኪይቺ ሚያዛዋም ከጠቅላይ ሚኒስትርነት ከወረዱ በኋላ በ1998 የገንዘብ ሚኒስትር ሆነዋል። አሶ እስከ ኦክቶበር 2021 ድረስ፣ ዘጠኝ ዓመት ሊሞላቸው ጥቂት ወራት ሲቀሩ፣ ከወንበሩ አልተነሱም። የፍጆታ ግብር ከ5 ወደ 8፣ ኋላም ወደ 10 በመቶ ያደገው በእሳቸው ዘመን ነው። አፋቸው ግን ልጓም አልነበረውም። በ2013 ጀርመን የቫይማርን ሕገ መንግሥት ማንም ሳያስተውል ከለወጠችበት መንገድ ብንማርስ የሚል አንድምታ ያለው ንግግር አድርገው፣ ዓለም ሲጮህ ቃላቸውን አነሱ።

ንግግርስ ይነሳል። የሞሪቶሞ ጉዳይ ግን በቃል የሚነሳ አልነበረም። በኦሳካ አቅራቢያ ያለ የመንግሥት መሬት፣ 956 ሚሊዮን የን ተገምቶ ሳለ፣ ለአንድ የትምህርት ድርጅት በ134 ሚሊዮን የን ገደማ ተሸጠ። የድርጅቱ ስም ከአቤ ባለቤት ጋር ተያይዞ ሲነሳ፣ አቤ በፌብሩዋሪ 2017 እኔ ወይም ባለቤቴ እጃችን ካለበት ሥልጣኔን እለቃለሁ ብለው በፓርላማ ተናገሩ። ከዚያ በኋላ በገንዘብ ሚኒስቴር ውስጥ 14 ሰነዶች ተነካኩ፤ የአቤ ባለቤት ስምም ተፋቀ። እንዲሠራ ከታዘዙት አንዱ፣ በኦሳካ የሚሠራ ተራ ሠራተኛ፣ በማርች 2018 ራሱን አጠፋ።

የኦሳካ ዓቃቤ ሕግ ማንንም ላለመክሰስ ወሰነ። መሥሪያ ቤቱ በጁን 2018 ባወጣው ሪፖርት ለማጭበርበሩ አመኔታ ሰጠ፤ ሠራተኞቹንም በዲሲፕሊን ቀጣ። ሚኒስትሩስ? የአንድ ዓመት የሚኒስትርነት ደመወዛቸውን መለሱ፤ ሥልጣናቸውን ግን አለቀቁም። ከባለጠጋ ቤት ለተወለደ ሰው የአንድ ዓመት ደመወዝ ምን ያህል እንደሚከብድ አንባቢ ይገምት።

እዚህ ላይ አንድ የሕግ ታሪክ ላንሳ። በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም የ1923 ዓ.ም. ሕገ መንግሥታችንን ሲያረቁ ጃፓን በ1889 ያወጣችውን የሜጂ ሕገ መንግሥት አብነት አድርገው ነበር። በዚያ ሰነድ ሚኒስትር የሚመልሰው ለንጉሠ ነገሥቱ ነው። ጃፓን ግን በ1947 ሥራ ላይ ያዋለችው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 66 ካቢኔው በጋራ ለፓርላማው ተጠያቂ ነው ይላል። ያኔ ጠቅላይ ሚኒስትሩ የአሶ አያት ዮሺዳ ነበሩ። አንቀጹ ወንጀል ይኑር አይኑር አይልም። የበታች ሠራተኛ በሰነድ ላይ እጁን ሲያነሳ የበላዩ ምን ይሁን የሚለውን የሚመልሰው ፓርላማው ነው፤ በፓርላማው ደግሞ ብዙኃኑን መቀመጫ የያዘው የአሶ ፓርቲ ነበር። የፉኩኦካ መራጮችም ደጋግመው መልሰው ልከዋቸዋል።

የሟቹ ባለቤት በ2020 ፍርድ ቤት ሄደች። ገንዘቡ ሳይሆን ምስክሮች ቀርበው እውነቱ እንዲሰማ ነበር የፈለገችው። መንግሥት በዲሴምበር 2021 የተጠየቀውን ከ100 ሚሊዮን የን በላይ ካሳ ያለ ክርክር ተቀበለ፤ ከመንግሥት ጋር የነበረው ክስም ምስክር ሳይሰማ በዚያው ተዘጋ። አሶ ከገንዘብ ሚኒስቴር ከወጡ ያኔ ሁለት ወር ገደማ ሆኗቸው ነበር። ሴትዮዋ ግን ሰነዶቹን ማየት አለብኝ ብላ በሌላ መዝገብ ቀጠለች፤ በጃንዋሪ 2025 የኦሳካ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ፈረደላት፤ መንግሥትም ይግባኝ ሳይል ሰነዶቹን በየተራ መስጠት ጀመረ።

በዚያው ዓመት ኦክቶበር ሳናኤ ታካይቺ የፓርቲው መሪ ሆነው ሲመረጡ፣ የ85 ዓመቱን አሶን የፓርቲው ምክትል ፕሬዚዳንት አድርገው ሾሙ።