«መሬት ላራሹ» ሲባል አራሿ የት ነበረች? የአኢሴማ ታሪክ እና የመሬት ደብተር

ባሕር ዳር፦ የካቲት 29/2016 ዓ.ም

በአያቴ የእንጨት ሳጥን ውስጥ ሁለት ወረቀቶች አብረው ተቀምጠዋል። አንደኛው ጠርዙ የተበላ የማኅበር መታወቂያ ነው፤ አያቴ የአብዮታዊት ኢትዮጵያ ሴቶች ማኅበር፣ በአጭሩ የአኢሴማ አባል እንደነበሩ ይመሰክራል። ሁለተኛው ግን በጨርቅ ተጠቅልሎ የተያዘ የመሬት ይዞታ ደብተር ነው፤ በውስጡ የአያቴ እና የሟቹ አያቴ ፎቶግራፎች ጎን ለጎን ተለጥፈዋል። የመጀመሪያውን ሲያሳዩኝ ይስቃሉ፤ ሁለተኛውን ግን ከእጃቸው ሳይለቁ ነው የሚያሳዩኝ።

በሁለቱ ወረቀቶች መካከል ከ20 ዓመታት በላይ አለ። ዛሬ ዓለም አቀፍ የሴቶች ቀን በየአዳራሹ ሲከበር መጠየቅ የሚገባው ጥያቄ ከዚህ ሳጥን ይነሳል። የሴቶችን እኩልነት አረጋግጣለሁ ብሎ የተነሳ፣ በሚሊዮን የሚቆጠሩ አባላትን ያሰባሰበ ሶሻሊስታዊ ማኅበር በቆየባቸው ዓመታት ያገባች ገበሬ ስሟን በመሬት መዝገብ ላይ ያላገኘችው ለምንድን ነው?

መልሱን ለማግኘት ከማኅበሩ ምሥረታ ወደ ኋላ መሄድ ያስፈልጋል። በ1957 ዓ.ም የካቲት ወር የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች «መሬት ላራሹ» ብለው አደባባይ ወጡ። መፈክሩ የዘመኑን ታላቅ ግፍ በሁለት ቃል የጨበጠ ነበር፤ በተለይ በደቡቡ የሀገራችን ክፍል ለባለርስት የሚገብረው ጭሰኛ ከምርቱ ሲሶውን አልፎም ግማሹን ያስረክብ ነበርና። ይሁን እንጂ ቃሉን ቀረብ ብሎ ላጤነው «አራሹ» ወንድ ነው። በእኛ ሀገር ልማድ እርፍ የሚጨብጥ፣ በሬ የሚጠምድ ወንድ ነው። ሴት ዘር ትመርጣለች፣ ትጎለጉላለች፣ አረም ታርማለች፣ ታጭዳለች፣ አውድማውን በእበት ትለቀልቃለች፣ እህሉን ጎተራ ታስገባለች፤ ግን አታርስም። ስለማታርስም «አራሽ» አትባልም።

በሰሜኑ የሀገራችን ክፍል ደግሞ ሌላ ውስብስብ ነገር አለ። የርስት ሥርዓት በብዙ መልኩ አድሏዊ ቢሆንም ሴት ልጅ በአባቷም በእናቷም በኩል ርስት የመጠየቅ መብት ነበራት። በተግባር ባሏ ወዳለበት አገር ስለምትሄድና በሬ ስለማትጠምድ መብቷ ብዙ ጊዜ በወንድሞቿ እጅ ይቀር ነበር። ቢሆንም «የእናቴ ርስት» ብላ ዳኛ ፊት የምትቆምበት መንገድ ዝግ አልነበረም።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም የታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ ይህን ሁሉ በአንድ ቀን ለወጠው። መሬት የሕዝብ ሆነ፤ መሸጥ፣ ማከራየት፣ በዋስትና ማስያዝ ተከለከለ፤ ለአንድ ቤተሰብ የሚሰጠው ከ10 ሄክታር እንዳይበልጥ ተወሰነ። አዋጁ በግልጽ የጾታ ልዩነት ሳይደረግ መሬቱን ራሱ ማልማት ለሚፈልግ ሰው ሁሉ መሬት እንደሚሰጥ ደነገገ። ይህ ለዘመኑ ታላቅ ቃል ነበር፤ ዛሬም ቢሆን ሊናቅ አይገባም።

አዋጁን ያረቀቁት ሰዎች የሴቶችን ችግር አያውቁም ነበር ማለትም አይቻልም። በቅጥር ጉልበት ማሳረስ ሲከለከል ሌላ በቂ መተዳደሪያ ለሌላት ሴት ልዩ ፈቃድ ተሰጥቷል። ባለይዞታው ሲሞት፣ ሲታመም ወይም ሲያረጅ የትዳር ጓደኛው እና ለአካለ መጠን ያልደረሱ ልጆቹም ይኸው ፈቃድ ነበራቸው። ሴት መሬት ቢኖራትም የሚያርስላት ሰው እንደምትሻ ሕግ አውጪው ተገንዝቦ ነበር። ለቀጣሪዋ ገንዘብ፣ ለእርሻው በሬ ከየት ይምጣ የሚለው ግን መልስ አላገኘም።

ችግሩ የመጣው ከአፈጻጸሙ ነው። መሬቱን የሚያከፋፍለው የገበሬ ማኅበር ነበር፤ የገበሬ ማኅበር አባል ሆኖ የሚመዘገበው ደግሞ የቤተሰቡ ኃላፊ ነው። ባል ያላት ሴት በባሏ ውስጥ ተቆጠረች። በራሳቸው ስም የተመዘገቡት በአብዛኛው ባል የሞተባቸው ወይም የፈቱ እማወራዎች ነበሩ። ባለትዳሯ የቀድሞ የርስት ጥያቄዋ ተሽሮ በምትኩ በመዝገብ ላይ ስም አላገኘችም። ትዳሩ ሲፈርስ ምን ይዛ እንደምትወጣ የሚወስነው የገበሬ ማኅበሩ ፍርድ ሸንጎ ሆነ፤ በሸንጎው የሚቀመጡትም በአብዛኛው የባሏ ጎረቤቶችና ዘመዶች ነበሩ።

ይህን ጥያቄ ሊያነሱ ይችሉ የነበሩ ሴቶች በከተማ ነበሩ። በተማሪው ንቅናቄ ውስጥ የሴቶች ጥያቄ ከመደብ ጥያቄ ጋር እንዴት ይያያዛል የሚለው ክርክር ተጀምሮ ነበር። የሕክምና ተማሪዋ ማርታ መብራህቱ በ1965 ዓ.ም ኅዳር ወር አውሮፕላን ለመጥለፍ ከሞከሩት ተማሪዎች አንዷ ሆና ከነዋለልኝ መኮንን ጋር ሕይወቷን አጣች። የመኢሶኗ ዶክተር ንግሥት አዳነም በአብዮቱ ዘመን ከጠፉት አንዷ ናት። በኢሕአፓ ውስጥ የነበሩ ወጣት ሴቶችም ብዙዎቹ በቀይ ሽብር አልቀዋል፣ ታስረዋል፣ ተሰደዋል። በዓላማም በስልትም የተሳሳቱበት ነገር ብዙ ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን ማንም ሳያዛቸው በራሳቸው ጥያቄ የተነሱ ነበሩ። መንግሥት የሴቶችን ማኅበር ሲያቋቁም መድረኩ ከእንደነዚህ ያሉ ሰዎች አስቀድሞ ጸድቶ ነበር። በእኔ አስተያየት የአኢሴማ ታሪክ ቁልፍ እዚህ ላይ ነው።

ማኅበሩ በ1972 ዓ.ም ሐምሌ ወር በአዋጅ ተመሠረተ። ከቀበሌ ተነስቶ በወረዳ፣ በአውራጃና በክፍለ ሀገር አልፎ እስከ ብሔራዊ ደረጃ የሚወጣ፣ የመንግሥትን አስተዳደር ደረጃ በደረጃ የተከተለ አደረጃጀት ነበረው። ከእርሱ በፊትም የሴቶች ማኅበር አልነበረም ማለት አይደለም፤ በጣልያን ወረራ ዋዜማ የተቋቋመው የበጎ አድራጎት ማኅበር ነበር። ያኛው ግን የቤተ መንግሥትና የከተማ እመቤቶች ማኅበር ነበር። የገጠሯን ሴት በስሟ መዝግቦ ስብሰባ የጠራት የመጀመሪያው ሀገር አቀፍ የሴቶች ድርጅት አኢሴማ ነው።

አስተሳሰቡ ከሩቅ የመጣ ነበር። ፍሬድሪክ ኤንግልስ እ.ኤ.አ በ1884 ባሳተመው ስለ ቤተሰብ አመጣጥ በሚያትት መጽሐፉ ሴት ነፃ የምትወጣው ከቤት ወጥታ በማኅበራዊ ምርት ስትሳተፍ ነው ብሎ ነበር። የዛሬው በዓልም ቢሆን ጀርመናዊቷ ሶሻሊስት ክላራ ዜትኪን እ.ኤ.አ በ1910 በኮፐንሃገን ካቀረበችው ሐሳብ የተወለደ ነው። የሶቭየት ኮሚኒስት ፓርቲ እ.ኤ.አ በ1919 የሴቶች ክፍል አቋቁሞ ኢኔሳ አርማንድና አሌክሳንድራ ኮሎንታይ መርተውት ነበር። እ.ኤ.አ በ1930 ግን የሴቶች ጥያቄ ተመልሷል ተብሎ ክፍሉ ተዘጋ። ጥያቄው መመለሱን የወሰነው ፓርቲው ነው እንጂ ሴቶቹ አልነበሩም።

ይህ ትምህርት ወደ እኛ ገጠር ሲመጣ አንድ ነገር አልገጥም አለው። ለማንቸስተር ወይም ለበርሊን የቤት እመቤት «ወደ ምርት ግቢ» ማለት ትርጉም ይኖረው ይሆናል። የእኛ አገር ገበሬ ሴት ግን ከምርት ወጥታ አታውቅም። በግብርና ኮሌጅ ሳለሁ የእርሻ ጉልበት ስናሰላ ከእርሻው በቀር የሴት እጅ የማይገባበት ሥራ ለማግኘት ተቸግረን እንደነበር አስታውሳለሁ። የጎደላት ሥራ ሳይሆን በሥራው ላይ ሥልጣን ነበር፤ የመሬቱ፣ የበሬው፣ የጎተራው ሥልጣን።

አኢሴማ በዚህ ላይ ምንም እጅ አልነበረውም። መሬት የሚያከፋፍለው የገበሬ ማኅበር ነው፤ የሴቶች ማኅበር ያደራጃል፣ ያነቃል፣ ይቀሰቅሳል። ሁለቱ ማኅበራት በአንድ ቀበሌ ጎን ለጎን ይኖሩ ነበር፤ የአንዱ መዝገብ መሬት ያዘለ፣ የሌላው መዝገብ ስም ብቻ የያዘ። ባል በገበሬ ማኅበር፣ ሚስት በሴቶች ማኅበር ስትመዘገብ እኩል የተደራጁ ይመስላሉ። ልዩነቱ የሚታየው ክርክር ሲነሳ ነው።

ለፍትሕ ሲባል የሠራውንም መናገር ይገባል። በ1971 ዓ.ም በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሴቶች እርሳስ እንዲጨብጡ ቀስቅሷል፤ ዘመቻውም በ1972 ዓ.ም የዩኔስኮ ሽልማት አግኝቷል። አያቴ ስማቸውን መጻፍ የቻሉት በዚያ ዘመቻ ነው፤ በመሬት ደብተራቸው ላይ ያለው ፊርማም የዚያ ፍሬ ነው። የሕፃናት ማቆያ፣ የዕደ ጥበብና የዶሮ እርባታ ሥራዎችም በየቦታው ተሞክረዋል። ከሁሉ በላይ ግን አያቴ የሚያነሱት ሌላ ነገር ነው፦ ከጎረቤት ሴቶች ጋር በጠራራ ፀሐይ፣ ወንዶች እያዩ፣ ተቀምጦ መነጋገር። ሴት ከቤቷ የምትወጣው ለለቅሶ፣ ለገበያና ለቤተ ክርስቲያን በነበረበት አገር ይህ ቀላል አልነበረም።

የሚያማርሩትም አለ። መዋጮ ይጠየቃል፤ ለጦር ግንባር ስንቅ አዘጋጁ ይባላል፤ በሶና ዳቦ ቆሎ በየቤቱ ይመደባል። በጦርነቱ የተማገዱት ልጆች የእነዚሁ ሴቶች ልጆች ነበሩ። «ልጄን አልሰጥም» የምትል እናት ወደ ማኅበሯ ሄዳ መናገር አትችልም፤ ማኅበሩ ራሱ የጠሪው አካል ነበርና። በ1980ዎቹ መጀመሪያ በመንዝ መንደር ተቀምጣ የሴቶችን ኑሮ ያጠናችው ሔለን ፓንክረስት እ.ኤ.አ በ1992 ባሳተመችው መጽሐፍ በመንግሥት አደረጃጀትና በገጠር ሴት የዕለት ሕይወት መካከል ያለውን ግንኙነት በሰፊው መርምራለች። መንዝን የሚያውቅ አንባቢ ቢያገኘው ደስ ይለዋል።

ግንቦት 1983 ዓ.ም ደርግ ሲወድቅ አኢሴማ አብሮት ወደቀ። እንዲቀጥል የጠየቀ ድምፅ አልተሰማም።

ከዚያ በኋላ የሆነው ለአንባቢዎቻችን ቅርብ ነው። በ1987 ዓ.ም የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 35 ሴቶች ንብረት የማፍራትና መሬትን የመጠቀም እኩል መብት እንዳላቸው ደነገገ። በ1989 ዓ.ም በክልላችን የተካሄደው የመሬት ሽግሽግ ብዙ ቁስል የተወ ቢሆንም በራሳቸው ስም ድርሻ ያገኙ ሴቶችም ነበሩ። ከ1995 ዓ.ም ጀምሮ ደግሞ የይዞታ ደብተር መሰጠት ተጀመረ። በ1997 ዓ.ም የወጣው የፌዴራል አዋጅ ቁጥር 456 ባልና ሚስት በጋራ የያዙት መሬት ደብተር በሁለቱም ስም እንዲዘጋጅ አዘዘ፤ በክልላችን የሁለቱም ፎቶግራፍ ይለጠፍበታል።

ይህ ለውጥ የመጣው በሰልፍና በመፈክር አልነበረም። የመዝገቡን ቅጽ ማስተካከል ብቻ ነበር፤ አንድ የስም መስመር፣ አንድ የፎቶ ቦታ። በ1967 ዓ.ም የገበሬ ማኅበሩ መዝገብ ይህ መስመር ቢኖረው ኖሮ የአንድ ትውልድ ሴቶች ታሪክ ሌላ በሆነ ነበር። አኢሴማ ይህን ሊጠይቅ ይችል ነበር ወይ? አዋጁ ከጎኑ ነበር፤ አባላቱም ነበሩት። ያልነበረው ያቋቋመውን አካል ፊት ለፊት የመጠየቅ ነፃነት ነው።

ዛሬም በየቀበሌው የሴቶች ማኅበራት፣ ፌዴሬሽኖችና የልማት ቡድኖች አሉ። ለጤናና ለቁጠባ የሠሩት ሥራ ግልጽ ነው። በዘገባ ሥራዬ በምደርስባቸው ቀበሌዎች ግን የስብሰባው አጀንዳ ብዙ ጊዜ ከላይ ተጽፎ እንደሚመጣ አያለሁ። እማወራዎቹ በቡና ላይ የሚያወሩት ሌላ፣ ቃለ ጉባኤው ላይ የሚሰፍረው ሌላ ነው።

በቡና ላይ የሚወራው ስለ በሬ ነው። ደብተሩ በስሟ ቢሆንም እርፉ አሁንም በወንድ እጅ ነው። ባል የሞተባት፣ ልጆቿ ወደ ከተማ የሄዱባት ሴት መሬቷን በእኩል ለሌላ ታሳርሳለች። ማዳበሪያውን ማን ይገዛል፣ ገለባው የማን ነው፣ በዝናብ የዘገየ እርሻ ኪሳራው በማን ላይ ይወድቃል የሚለው በቃል ስምምነት ይቀራል። ሕጉ መሬት ሲከራይ ውሉ እንዲመዘገብ ያዛል፤ የይዞታው ባለመብቶች ሁሉ መስማማትም አለባቸው። ጎረቤትን «ወረዳ ሄደን እንፈራረም» ማለት ግን በብዙ መንደር አለመተማመን ተደርጎ ይቆጠራል። ከቀጣዩ ዓመት አራሽ እንዳታጣ የምትፈራ ሴት ደግሞ አትጠይቅም። አንዲት ሴት ብቻዋን ልትጠይቀው የሚከብዳትን አሥር ሴቶች አንድ ላይ ቢጠይቁት ልማድ ይሆናል፤ ማኅበር የሚያስፈልገውም ለዚህ ዓይነቱ ነገር ነበር።

አያቴ ዘንድሮ ማሳቸውን በእኩል የሰጡት ለአንድ የሰፈር ጎልማሳ ነው። በመኸሩ ጤፉ ተወቅቶ ሲካፈል አውድማው ላይ አልነበሩም፤ ድርሻቸው በጆንያ ተቋጥሮ ነው ቤት የደረሰላቸው። ስንት ቁና እንደተመረተ ስጠይቃቸው እርሱ የነገራቸውን ነገሩኝ። ውሉን አስመዝግበው እንደሆነም ጠየቅኋቸው። ደብተሩን በጨርቁ መልሰው እየጠቀለሉ ሰውየው መልካም ሰው እንደሆነ፣ በሬዎቹም ብርቱዎች እንደሆኑ ነገሩኝ።