ቅራቅንቦው የማን ነው?

ለተከበራችሁ የማኅበራችን አባሎችና የሠፈራችን ነዋሪዎች በሙሉ፤

ባለፈው ወር ስብሰባችን ስለ ሠፈራችን ጽዳት ስንነጋገር አንድ ሐሳብ መቅረቡን ታስታውሳላችሁ። ይኸውም፣ «ቤት ለቤት እየዞረ የሚያይ ኮሚቴ ይቋቋም፤ ዕቃዋን ሰብስባ ቤቷን በሥርዓት ያልያዘች የቤት እመቤት በመጀመሪያ ትመከር፣ በሁለተኛው ስሟ በዚህ ሰሌዳ ላይ ይለጠፍ፣ በሦስተኛው 100 ብር ትቀጣ» የሚል ነው። ብዙ ሰው አጨበጨበ። እኔም ጸሐፊ ነኝና የተባለውን በቃለ ጉባኤ አስፍሬ ዝም አልኩ።

ቤቴ ከገባሁ በኋላ ግን እንቅልፍ እምቢ አለኝ። የጸሐፊ ሥራው የተባለውን መጻፍ ነው፤ ግን ደሞ እኔም እንደ ማንኛችሁም መዋጮ የምከፍል አባል ነኝ። ስለዚህ ሐሳቡ በሚመጣው እሑድ ለድምፅ ከመቅረቡ በፊት ተቃውሞዬን በግልጽ እጽፋለሁ። ትምህርቴ ከስድስተኛ ክፍል አላለፈምና የአጻጻፍ ስሕተት ካለ ይታረምልኝ፤ ነገሩን ግን አልተሳሳትኩም።

1ኛ/ እስቲ ቤታችንን እንየው።

አብዛኞቻችን የምንኖረው በአንድ ወይም በሁለት ክፍል ቤት ነው። የቀበሌ ቤት የያዝነው ደግሞ አንዲት ጓዳ ልቀጥል ብንል ያለ ፈቃድ አይሆንም። በዚያችው ክፍል እንተኛለን፣ እንበላለን፣ ልጅ ያጠናል፣ እንግዳ ይቀመጣል። በዚያ ላይ ደብረ ሲና የቆሎ አገር ነው። ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚያልፍ መንገደኛ እዚህ ሲደርስ በመስኮት እጁን የሚዘረጋው ለቆሎ ነው። ያ ቆሎ ከሰማይ አይወርድም። ገብሱ በማዳበሪያ ሞልቶ የሚቀመጠው፣ የሚለቀመው፣ የሚቆላው፣ በፌስታል የሚቋጠረው በዚያችው ቤት ነው። እንግዲህ ቤቱ መኖሪያ ብቻ አይደለም፤ መጋዘንም ነው፣ ፋብሪካም ነው።

ክረምት ሲገባ ደሞ የጣርማበር ጉም እቤታችን ድረስ ይገባል። የታጠበ ልብስ ሦስት ቀን አይደርቅም፤ ገመዱ ከአልጋው በላይ ይዘረጋል። እንጨቱ እንዳይረጥብ ይገባል፤ ከሰሉ ይገባል፤ ውኃ ቢጠፋ እንዳይቸግር ጀሪካኑ ይደረደራል። ይህን ቤት ነው ኮሚቴው በራፍ ላይ ቆሞ «ዝርክርክ» የሚለው።

2ኛ/ ቆጥሬ ያገኘሁት።

የሰው ቤት አላማም፤ የራሴን ልናገር። ባለቤቴ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተነሥታ ምጣዷን ትጥዳለች። ንጋት ላይ ልጆቹን ታለብሳለች፣ ቁርስ ታቀርባለች። 2 ሰዓት ሳይሆን ቆሎዋን ይዛ መኪና መቆሚያው ላይ ናት። ለምሳ ትሮጣለች፤ ተመልሳ ትወጣለች። ማታ እንጀራ አለ፣ ወጥ አለ፣ የነገ ገብስ መልቀም አለ። እኔ ያን ጊዜ ምን አደርጋለሁ? ቁጭ ብዬ ዜና እሰማለሁ። ከዚያ ደሞ ካልሲዬ ጠፋ ብዬ እጣራለሁ።

ከስብሰባው በኋላ ባለችው ቅዳሜ ደብተር ይዤ ቤቴን ቆጠርኩ። በስድስት ወር ውስጥ አንድ ቀን እንኳ እጅ ያልነካው ዕቃ 43 ሆነ። ከዚህ ውስጥ የባለቤቴ 6፣ የልጆቹ 9፤ የቀረው 28 የእኔ ነው። የማይናገር ሬዲዮ 2፣ የአይሱዙ አሮጌ ጎማ 3፣ የሚያፈስ ጀሪካን 5፣ የቀለም ጣሳ 7፣ ሰንሰለት የሌለው ብስክሌት፣ የተቆለመመ ምስማር አንድ ጣሳ ሙሉ፤ ሌላውን ተዉት። እርሷ ልትጥል ባነሣች ቁጥር «ተይው፣ ይጠቅማል» የምለው እኔ ነበርኩ። ዝርዝሩን ባነብላት አልተቆጣችም። «አንተ ይጠቅማል ያልከው ሁሉ የሚጠቅመው መቼ ነው?» ብቻ አለችኝ። መልስ አጣሁ።

ታዲያ ኮሚቴው በእኔ ቤት ቢመጣ 100 ብር የሚቀጣው ማንን ነው? 6 ዕቃ ያላትን ነው ወይስ 28 ዕቃ ያለውን? «ሙያ የሌላት» ተብሎ ስሟ የሚለጠፈውስ በማን ቅራቅንቦ ነው?

3ኛ/ ነገሩ የገጽታ ጉዳይ ብቻ አይደለም።

አንዳንዶች «እንግዳ ሲመጣ ያሳፍራል» ይላሉ። የሚያሳፍረው ይቅርና የሚያስፈራውን ላንሣ። ኅዳር 2014 ዓ.ም.ን ማን ይረሳል? ጦርነቱ ከሸዋ ሮቢት ወደ እኛ ሲመጣ ስንቶቻችን ልጅ አዝለን ወደ ደብረ ብርሃን ወጣን። በዚያች ሰዓት እኔ ቤት የልጆቹ የትምህርት ማስረጃና የቤቱ ወረቀት ተፈለገ። እቤት ውስጥ አለ፤ ግን የት? ከጆንያው ሥር? ከአልጋው ሥር? ባለቤቴ የትንሹን ልጅ አንድ እግር ጫማ ይዛ ሌላውን ትፈልጋለች፤ እኔ ክምሩን እገለብጣለሁ፤ ጎረቤት «ኧረ ውጡ!» እያለ ይጮኻል። በመጨረሻ ያለ ወረቀት ወጣን። ልጁም በአንድ እግር ጫማ ወጣ።

ስንመለስ ቤቱ ተዘርፎ ጠበቀን። ብርድ ልብሱ የለም፣ ድስቱ የለም፣ ገብሱ የለም። ወረቀቶቹም ተበታትነው ጠፍተዋል፤ ምትክ ለማግኘት ስንት ወር ተመላለስኩ። የማይናገሩት ሬዲዮዎች፣ ሦስቱ ጎማ፣ የቀለም ጣሳዎቹ ግን አንድም ሳይጎድል ቁጭ ብለው ጠበቁኝ። ዘራፊ እንኳ ያልፈለገውን ነው እኔ «ይጠቅማል» ብዬ በልጆቼ መውጫ ላይ የከመርኩት። ይባስ ብሎ ያኔም አልተማርኩም፤ እስካለፈው ወር ድረስ እዚያው ነበሩ።

እኛ ያለንበት አገር ድንገት «ውጡ» የሚባልበት አገር ነው። በ1998 ዓ.ም. መግቢያ ላይ በይዛባና በሾተል አምባ በኩል መሬቱ ሲንሸራተት ሰው ቤቱን ጥሎ ወጥቷል። ቆሎ የምንቆላበት እሳትም ቢሆን ከማዳበሪያውና ከፌስታሉ ክንድ አይርቅም። ሌሊት እሳት ቢነሣ መውጫው በጆንያ የተዘጋ ቤት ምን ይሆናል? ይህን ለአፍታ አስቡት።

ከዚህም በቀር ብዙዎቻችን በሸዋ ሮቢትና በይፋት ቆላ እናት አባት፣ እኅት ወንድም አለን። እነርሱ ዘንድ ግቢ ውስጥ የተጣለ ጎማና ክዳን የሌለው በርሜል ማለት የትንኝ ማራቢያ ማለት ነው። የጤና ባለሙያዎች እንደሚያስረዱት ከእስያ የመጣች፣ አኖፊለስ ስቴፈንሲ የምትባል የወባ ትንኝ አለች። በአገራችን መጀመሪያ የተገኘችው በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ2016 ቀብሪ ደሃር ላይ ነው፤ በ2022 ደግሞ ድሬዳዋ ላይ ለተነሣው የወባ ወረርሽኝ ምክንያት ሆናለች። ይህች ትንኝ እንደ ድሮዋ ረግረግ አትፈልግም፤ ከተማ ውስጥ በበርሜል፣ በጋንና በተጣለ ዕቃ ውስጥ የተጠራቀመ ውኃ ይበቃታል። ስለዚህ ቆላ ያሉ ዘመዶቻችን ጎማውን እንዲያስወግዱ፣ የውኃ ዕቃቸውን እንዲከድኑ ንገሯቸው።

4ኛ/ ለተቃዋሚዎቼ መልስ።

«ቤት የሴት ነው» ለሚሉ፦ ቤቱ የሴት ከሆነ ካርታው ላይ፣ ሽያጩ ላይ፣ ውሉ ላይ ለምን የእኛ ስም ይቀድማል? ሲከበር የእኛ፣ ሲዝረከረክ የእርሷ የሚሆን ቤት የለም። የጤና ኤክስቴንሽን ሥራ ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ በ16 ፓኬጅ ሲስፋፋ፣ በሥልጠናው የበረታውን ቤት «ሞዴል ቤተሰብ» ነው ያለው፤ «ሞዴል ሚስት» አላለም። እኛ ከዚያ ወደ ኋላ የምንመለስበት ምክንያት የለም።

«ድሃ ነን፣ ድሃ ዕቃ አይጥልም» ለሚሉ፦ ይኸኛው እውነት አለበት፤ እኔም ያደግሁት የእናቴ ነጠላ ቀዳዳው ተጥፎ፣ በመጨረሻም መወልወያ ሆኖ ሳይ ነው። ግን ማቆየትና መቅበር ልዩ ልዩ ናቸው። ዝናብ የበላው ቆርቆሮ፣ ነቀዝ የገባበት ጆንያ፣ አይጥ የወለደችበት ሣጥን ሀብት አይደለም። ልዋጭ ባዩ አሮጌ ልብስ ወስዶ ሳህን ይሰጣል። ቆራሌው የሚገዛው ብረትም አዲስ አበባ መርካቶ፣ ምናለሽ ተራ ገብቶ እየተቀጠቀጠ ምድጃና ባልዲ ይሆናል፤ ሰው እንጀራ ይበላበታል። በእኛ አልጋ ሥር ግን ዝገት ብቻ ነው።

«ቦታ የለንም» ለሚሉ፦ እሺ፤ ታዲያ ያ ብፌ ምንድነው? ውስጡ 24 ብርጭቆ ተቆልፎበት በዓመት ሁለት ቀን፣ ለፋሲካ ወይም ለዒድ ይከፈታል፤ ልጃችን ደሞ ጆንያ ላይ ተቀምጦ በጉልበቱ ላይ ይጽፋል። ቦታ አጥተን ሳይሆን ቦታውን ለማን እንደምንሰጥ ሳናስብ ቀርተን ነው።

5ኛ/ ምን ይደረግ?

መቃወም ብቻ ሥራ አይደለም። መልሱ እኮ በእጃችን ነው። ዕድራችንን ተመልከቱ። ማንኛችንም ድንኳን በየቤታችን አልገዛንም፤ ትልልቁን ብረት ድስትና አግዳሚ ወንበሩን ከመኝታችን አጠገብ አልከመርንም። አንድ ድንኳን ለሁላችን ይበቃል፤ በለቅሶም በሠርግም ይወጣል፣ ተቆጥሮ ይገባል። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የተባለው ይኸው ነው። ታዲያ መሰላልን፣ መጋዝን፣ የእጅ ጋሪን ለምን እንደዚሁ አናደርግም? በዓመት አንድ ቀን ለሚፈለግ መሰላል በየቤቱ አንድ አንድ ማቆም ምን ይባላል?

ስለዚህ በሚመጣው እሑድ የቅጣቱ ሐሳብ ውድቅ ሆኖ በምትኩ የሚከተለው ይወሰን ዘንድ አቀርባለሁ።

ሀ/ ማኅበሩ ካለው ዕቃ ቤት ጎን መደርደሪያ ተሠርቶ፣ አባሎች በየቤታቸው የቆመውን መሰላልና መሣሪያ በፈቃዳቸው ያስገቡ፤ በመዝገብ እየፈረሙ ይዋሱ። መዝገቡን ያለ ክፍያ እኔ እይዛለሁ።

ለ/ በየሦስት ወሩ አንድ ቅዳሜ ቆራሌውና ልዋጭ ባዩ ወደ ሠፈራችን ይጠሩ። በየበራችን ለየብቻ ከመታለል አንድ ላይ ሆነን ዋጋ እንነጋገር።

ሐ/ በየቤቱ ወረቀት ሁሉ የሚገባበት አንዲት ቦርሳ ትዘጋጅና በር አጠገብ ትሰቀል። የልደት፣ የትምህርት፣ የቤትና የመታወቂያ ወረቀት እዚያ ብቻ ይሁን። ሕፃን ልጅ እንኳ ቦታዋን ይወቅ።

መ/ ሁልጊዜ ማታ ከመተኛት በፊት አባወራውም ልጆቹም የየራሳቸውን ዕቃ ወደ ቦታው ይመልሱ። ሴት ልጅ ብቻ ሳትሆን ወንዱም። ሩብ ሰዓት አይፈጅም፤ እኔ ሞክሬዋለሁ።

ሠ/ ኮሚቴ የግድ ይቋቋም ከተባለም፣ መጀመሪያ የሚያየው የኮሚቴውን አባሎች ጓዳ ይሁን። ከዚያ በፊት ግን የእኔን።

እኔ በበኩሌ ከ28ቱ 19ኙን አስወግጃለሁ። ጎማዎቹ ሄደዋል፤ ጣሳዎቹም ሄደዋል። ሬዲዮዎቹ ግን ገና አሉ፤ አንደኛው የአባቴ ነበርና እጄ እምቢ አለኝ። ስለዚህ ጉዳዩ ቀላል ነው አልልም። በተለቀቀው ቦታ የጎረቤት አናጢ ትንሽ ጠረጴዛ ሠርቶልኝ ትልቋ ልጄ እላዩ ላይ ታጠናለች። ባለቤቴ ማታ መጥታ ጠረጴዛዋን ዳሰስ አደረገችና፣ «ለካ ቤታችን ሰፊ ነበር» አለች። ይችን ሴት ነው ስሟን ለጥፈን 100 ብር ልንቀጣት የነበረው።

እሑድ ከቅዳሴ መልስ፣ 4 ሰዓት ላይ፣ ባሎች ከሚስቶቻችሁ ጋር እንድትገኙ በማክበር እጠይቃለሁ። ሴቶች በሌሉበት ስለ ሴቶች ድምፅ የሚሰጥበት ስብሰባ ከሆነ ግን ቃለ ጉባኤውን ሌላ ሰው ይያዝ።

የማኅበሩ ጸሐፊ