ቀዩ አፈርም ተፈጥሮ ነው

ሰሞኑን ጢስ ዓባይ ገበያ ላይ አንድ ወጣት በድምፅ ማጉያ እየጮኸ በትንንሽ ብልቃጥ ቅባት ይሸጥ ነበር። ለማድያት፣ ለፎረፎር፣ ለቁርጥማት፣ ለሚያሳክክ እግር፣ ለሁሉም ይሆናል ይላል። አንዲት እናት ያበጠ እግራቸውን ከቀሚሳቸው ሥር ገለጥ አድርገው «ለዚህስ አይጎዳውም ልጄ?» ብለው ጠየቁት። «አይዞዎት እማማ፣ ተፈጥሮ እኮ ነው፤ ተፈጥሮ አይጎዳም» አላቸው። ከፍለው ሄዱ።

ወጣቱ እንጀራውን ፍለጋ ነው የወጣው፤ ቃሉንም እሱ አልፈጠረውም። ባሕር ዳር የመዋቢያ ዕቃ መደብሮች ይሉታል፣ የኤፍ ኤም ማስታወቂያ ይለዋል፣ ቲክቶክ ላይ ቅባት የሚያዋህዱ ሴቶች ይሉታል፣ ዲግሪ ያለው ሰው ሳይቀር ይደግመዋል። እኔን የሚያንገበግበኝ ጎጃም ውስጥ፣ ያበጠ እግር ላላቸው እናት መነገሩ ነው። ያንን እግር ያሳበጠው ተፈጥሮ ነውና።

የደጋችን ዝሆኔ በአብዛኛው ከትንኝ የሚመጣው ዓይነት አይደለም። ፖዶኮኒዮሲስ ይባላል፤ የሚመጣው ከእሳተ ገሞራ ዐለት ከተፈጠረው ቀይ አፈር ነው። ብሪታንያዊው ሐኪም ኧርነስት ፕራይስ ከ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ኢትዮጵያ ውስጥ ይህን ሲያጠና፣ በሕሙማን ንፍፊት ውስጥ የአፈር ማዕድን ቅንጣቶች አግኝቷል። በባዶ እግር ለዓመታት ሲታረስ ረቂቁ ብናኝ በቆዳ በኩል ይገባል፣ የሊምፍ ቧንቧዎችን ያስቆጣል፣ ይደፍናል። ፈሳሹ መውጫ ሲያጣ እግር ያብጣል። በአንድ ቤተሰብ ውስጥ ደጋግሞ መታየቱ እርግማን ስለሆነ አይደለም፤ በ2012 (እ.ኤ.አ.) ፋሲል ተኮላ አየለና ባልደረቦቹ ያሳተሙት ጥናት እንዳሳየው ለአፈሩ በቶሎ የሚቆጣ ሰውነት በዘር ይወረሳል። በአገራችን 1.5 ሚሊዮን ያህል አዋቂዎች ይህን እግር ይዘው እንደሚኖሩ ይገመታል። አንድ ሚሊዮን ተኩል ሰው የጎዳው አፈር ማንም ያልቀመመው፣ ከየትም ያልመጣ፣ ንጹሕ የተፈጥሮ ሥራ ነው። እንግዲህ «ተፈጥሮ አይጎዳም» የሚለው ቃል በየትኛው መሬት ላይ ቆሞ ነው የሚነገረው?

ሌላም ልጨምር። ጤና አዳምን ጨምቆ ቆዳ ላይ ቀብቶ ፀሐይ ላይ የተቀመጠ ሰው ቆዳው እንደ እሳት ቃጠሎ ውኃ ሊቋጥር ይችላል። ሎሚም እንዲሁ ነው። ጥሬ ነጭ ሽንኩርት ወቅጦ ያሰረ ሰው ቆዳው ተልጦ ያገኘዋል። ከበግ ፀጉር የሚወጣው ላኖሊን የእግር ቁስል ባለባቸው ሰዎች ላይ የቆዳ አለርጂ በማስነሳት በሐኪሞች ዘንድ የታወቀ ነው። ከአበባና ከቅጠል የሚጨመቁ መዓዛማ ዘይቶችም ያስቆጣሉ። ሁሉም ተፈጥሮ ናቸው። ጤነኛ ቆዳ ይህን አብዛኛውን ይችለዋል፤ ያበጠ እግር ቆዳ ግን አይችልም።

የማይችለውም ስለሚደርቅ ነው። ፈሳሽ የተጠራቀመበት ቆዳ ይወፍራል፣ ይሻክራል፣ ውኃውን መያዝ ያቅተዋል፣ ይሰነጠቃል፣ ያሳክካል። ያሳከከ ይታከካል፤ በታከከበት ጥፍር ልክ በር ይከፈታል፤ በዚያ በር ጀርም ይገባል። ከዚያ እግሩ ይግላል፣ ይቀላል፣ ንፍፊት ይወጣል፣ ትኩሳቱ ሰውየውን አልጋ ላይ ይጥለዋል። ከጥቃቱም በኋላ እብጠቱ ይብሳል። ምሥራቅ ጎጃም ውስጥ 696 ሕሙማን የተሳተፉበት፣ ውጤቱ በ2018 (እ.ኤ.አ.) የታተመው ጥናት እንክብካቤ ገና ያልጀመሩት ሰዎች በዓመት በአማካይ ወደ 24 ጊዜ እንደዚህ እንደሚወድቁ መዝግቧል። በወር ሁለት ጊዜ ማለት ነው! በእርሻ ሰሞንም፣ በአጨዳ ሰሞንም። ስለዚህ ለእነዚህ ሰዎች ቅባት መምረጥ የውበት ጉዳይ አይደለም። መዓዛ ያለው፣ ምኑም ያልታወቀ ብልቃጥ ለዚህ እግር መስጠት በሩን በገዛ እጅ መክፈት ነው።

በሌላ በኩል ቫዝሊን ይሰደባል። «ከነዳጅ የሚወጣ ኬሚካል ነው» ይባላል፣ «የድሃ ቅባት» ይባላል። አዎን፣ ከነዳጅ ነው የሚወጣው፤ ተጣርቶ። ሽታ የሌለው ተራው ቫዝሊን አለርጂ የሚያስነሳው እጅግ ጥቂት ሰው ላይ ነው፣ ለዓመት ቢቀመጥ አይበላሽም፣ የቆዳው ውኃ እንዳይተን ከላይ ይሸፍናል። ለጋ ቅቤ ይህን የመሸፈን ሥራ ይሠራ ይሆናል፤ ግን ይሻግታል፣ ንጽሕናውም እንደ እንሥራው ነው። ቅቤያችንን አክብሬ ነው ይህን የምለው፤ ለአናት የሆነ ሁሉ ለተሰነጠቀ ተረከዝ አይሆንም።

ግሊሰሪንም አለ፤ በየፋርማሲው የሚገኝ ነገር። የሃል ዩኒቨርሲቲ ነርስ ጂል ብሩክስና ባልደረቦቿ እዚሁ ኢትዮጵያ ውስጥ በ193 ሕሙማን ላይ ሞክረው በ2017 (እ.ኤ.አ.) አሳትመዋል። ያደረጉት እግር በሚዘፈዘፍበት ውኃ ላይ ግሊሰሪን ከመቶ ሁለት እጅ መጨመር ነው፤ በአንድ ሊትር 20 ሚሊ ሊትር። ውኃውንም ቀነሱት። ቆዳው በቀድሞው መንገድ ከታጠቡት ይልቅ ውኃውን ያዘ። ውኃው መቀነሱ ለከተማ ሰው ምንም ላይመስለው ይችላል። ዓባይ አጠገብ እየኖሩ እንኳ በጀሪካን ተሸክመው ዳገት የሚወጡ እናቶች ግን ትርጉሙን ያውቁታል። ብዙ ሰው እንደሚያደርገው ግሊሰሪንን ሳያቀጥኑ ደረቅ ቆዳ ላይ መቀባት አይገባም፤ በደረቅ አየር ከቆዳው ራሱ ውኃ ይስባል።

የቀረው አጭር ነው። እግርን በንጹሕ ውኃና ሽታ በሌለው ሳሙና ማጠብ፣ ሳይፈትጉ ማድረቅ፣ ቆዳው ርጥበቱን ሳይጨርስ ቫዝሊን መቀባት፣ ካልሲና ጫማ ማድረግ። በጣቶች መሐል ግን ቫዝሊን አይገባም፤ እዚያ መድረቅ አለበት፤ ፈንገስ ካለ የጤና ባለሙያ የሚያዘው ዊትፊልድ የሚባል ቅባት አለለት። ባለሙያ በመታጠቢያው ውኃ ላይ በረኪና እንዲጨመር ካዘዘ ልኩን ያሳይ፤ በረኪና ቆዳ ያደርቃልና ያለ ቅባት አይታዘዝ። የጡት ካንሰር ቀዶ ሕክምና አድርገው በዚሁ የሊምፍ ፈሳሽ ክንዳቸው ላበጠ እህቶችም ይኸው ሽታ የሌለው ቅባት ይበጃል።

የጤና ተቋማትን ሳልወቅስ አላልፍም። አንድ የማውቃቸው አባት «ጫማ አድርግ፣ እግርህን ታጠብ» ተብለው ተመልሰዋል፤ ስለ ቅባት ግን ማንም አልነገራቸውም። ባለሙያ ዝም ባለበት ቦታ ድምፅ ማጉያው ይናገራል። ገበያው ያለ ተቃዋሚ የወረሰው ይህን ዝምታ ነው። ቤት ለቤት የሚዞሩት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ቦርሳ ውስጥ ቫዝሊንና ግሊሰሪን ይግባ፣ መለኪያ ኩባያም ይጨመር። አዲስ ጥናት ይጠበቅ የሚል ካለ፣ የምሥራቅ ጎጃሙ ጥናት እግርን ማጠብ፣ ቅባት፣ ማሰሪያ፣ እንቅስቃሴና ጫማ አንድ ላይ ሲሰጡ ያ 24 ጊዜ ወደ 19 እንደወረደ አሳይቷል። የአምስት ጊዜ ልዩነት በየዓመቱ ከአልጋ የሚተርፉ ስንት የእርሻ ቀናት እንደሆነ የወረዳ ጤና ጽሕፈት ቤቶች ቁጭ ብለው ያስሉት፤ ከዚያ የአንድ ቆርቆሮ ቫዝሊን ዋጋ አጠገቡ ይጻፉ።