በብራዚል የሞላሁት ሰዓት

ባለፈው ክረምት ሦስት ሳምንት ሙሉ በሳኦ ፓውሎ ሰዓት ኖርኩ። ከአዲስ አበባ ንቅንቅ ሳልል ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ዘመድ ከውጭ ያመጣልኝ ስማርት ሰዓት የልብ ምቴን ይቆጥራል፣ እርምጃዬን ይቆጥራል፣ ሌሊት ስንቴ እንደተገላበጥኩ ጠዋት ጠዋት ይነግረኛል። ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ ሳየው ግን ሰባት ይላል። እናቴ አንድ ትላለች፣ የታክሲው ረዳት አንድ ይላል፣ የመሥሪያ ቤታችን ጥበቃ መዝገቡ ላይ አንድ ብሎ ይጽፋል፤ ሰባት የሚለው እጄ ላይ ያለው ብቻ ነው። ስድስት መቀነስ ከብዶኝ አይደለም። ሁላችንም ከልጅነታችን ለምደነዋል፤ የአውሮፕላን ትኬቱንም የኳስ ጨዋታውንም እየቀነስን ነው የምናነበው። ያናደደኝ ሌላ ነው። በሰከንድ ሚሊዮን ጊዜ የሚደምርና የሚቀንስ ኮምፒውተር እጄ ላይ አስሬ፣ ስድስት የመቀነሱን ሥራ ለእኔ መተዉ!

ማስተካከያውን ከላይ እስከ ታች በረበርኩት። የገጹን ቀለም መቀየር ይቻላል። ፊቱ ላይ ድመት ማስቀመጥም ይቻላል። «ሰዓቱን ከንጋት ጀምረህ ቁጠር» ማለት ግን አይቻልም። ስለዚህ ወደ ተንኮል ሄድኩ። አዲስ አበባ ከግሪንዊች ሦስት ሰዓት ትቀድማለች፤ ሳኦ ፓውሎ ሦስት ሰዓት ወደ ኋላ ትቀራለች። በመካከላቸው ያለው ልክ ስድስት ነው። ስልኬን «ብራዚል ነን» ስለው ሰዓቱም ተከተለውና የጠዋቱ አንድ ሰዓት አንድ ሆነ። ደግሞ ቀኑ የሚለወጠው ንጋት 12 ሰዓት ላይ ሆኖ አረፈው፤ ልክ ባላገር እንደሚቆጥረው። ቶኪዮ ብላችሁ ብትሞሉትም ቁጥሩ ያው ነው፤ ልዩነቱ ቀኑ ምሽት 12 ሰዓት ላይ መለወጡ ነው። ዕለትን ከዋዜማው ምሽት የሚጀምር የቤተ ክርስቲያን ሰው ቶኪዮን ይምረጥ።

ደስታዬ ብዙ አልቆየም። ሰዓቱ ሌሊት ሌሊት ዝም የሚልበት ጊዜ ነበረው፤ በፈረንጅ አቆጣጠር ከምሽቱ 10 እስከ ንጋቱ 6። በብራዚል ሲሞላ ይኸው ዝምታ እኛ ዘንድ ከሌሊቱ 10 ሰዓት እስከ ቀትር ሆነ። ረፋዱን ሙሉ ስልክ ቢደወል አይነዝር፣ መልእክት ቢገባ አያሳውቅ። እሺ፣ የዝምታውን ሰዓት ቀየርኩ። የእንቅልፍ ግምቱን ግን ማን ይቀይረዋል? ጠዋት ታክሲ ወረፋ ላይ ቆሜ ያሳለፍኩትን አርባ ደቂቃ እንቅልፍ ብሎ መዝግቦልኝ አገኘሁት። በሦስተኛው ሳምንት ከብራዚል ተመለስኩ።

ቤት ውስጥ ከልጅነቴ ጀምሮ የምጠራው «ነካኪ» ተብዬ ነው። ሬዲዮ ፈትቼ መግጠም ያቃተኝ ዕለት የወጣልኝ ስም ነው፤ አልለቀቀኝም። በየአገሩ እንደ እኔ ያለ ነካኪ ሞልቷል፤ ሰዓትን በተመለከተ የሚፈልገውን ስትሰሙ የሚገርማችሁ ፍላጎቱ ትንሽ መሆኑ ነው። የወርቅ ቅብ አይፈልግም። አዲስ መለኪያ አይፈልግም። ሰዓቱ ሲታዘዝ እንዲታዘዝ ነው የሚፈልገው።

ይህ ምኞት ገንዘብ ሊሰበስብ እንደሚችል የታየው እ.ኤ.አ. በ2012 ነው። ኤሪክ ሚጂኮቭስኪ የተባለ ወጣት ካናዳዊ «ፔብል» ለሚባል ሰዓት በኪክስታርተር 100,000 ዶላር ይዋጣልኝ ብሎ ጠየቀ። 68,929 ሰዎች ከ10 ሚሊዮን ዶላር በላይ አዋጡለት። ሰዓቱ መልከ መልካም አልነበረም፤ ጥቁርና ነጭ ስክሪን፣ የፕላስቲክ አካል፣ ጎንና ጎኑ ላይ አራት ቁልፎች። ግን ስክሪኑ ሳይጠፋ፣ ፀሐይ ላይም እየተነበበ፣ አንድ ጊዜ ቻርጅ ከተደረገ ቀናት ይቆያል። ከሁሉ በላይ ማንም ሰው ኮድ ጽፎ ሊጭንበት ይችላል። ሰዎቹ ጻፉለት። የባቡር ሰዓት የሚያሳይ፣ ጨዋታ የሚያጫውት፣ ጊዜን በቃላት የሚጽፍ።

ከዚያ ኩባንያው ከሰረ። እ.ኤ.አ. በ2016 መጨረሻ ንብረቱን ፊትቢት ገዛው፤ በ2018 አጋማሽ ሰርቨሮቹ ተዘጉ። የታሪኩ ቁም ነገር እዚህ ላይ ነው። ሰርቨር ሲዘጋ እጅ ላይ ያለው ሰዓት ምን ሆነ? አልተሰበረም፣ ባትሪው አልሞተም፤ ነገር ግን አዲስ አፕ የሚያወርድበት፣ የአየር ጠባይ የሚጠይቅበት ቤት ፈረሰ። ያን ጊዜ ነካኪዎቹ «ሬብል» በሚል ስም ተሰባስበው አፖቹን ከመዘጋቱ በፊት ገለበጡ፣ የራሳቸውን ሰርቨር አቆሙ፣ ሰዓቶቹን በሕይወት አቆዩ። ፊትቢትን በ2021 የጠቀለለው ጉግል ደግሞ በጥር 2025 የፔብልን የውስጥ ፕሮግራም ምንጭ ኮድ ለሕዝብ ለቀቀው፤ ሚጂኮቭስኪም እንደገና ሰዓት ወደ መሥራት ተመለሰ። ሠሪው ከሞተ በኋላ የሚኖር ዕቃ ማለት ይህ ነው። አያቴ የተወችልኝ የግድግዳ ሰዓት ፋብሪካው ይኑር አይኑር ጠይቄ አላውቅም፤ ቁልፉን አዙሬ እሞላዋለሁ፣ ይሄዳል።

በስማርት ሰዓት ዓለም ይህ ብርቅ ነው። ብዙዎቹ ገና ከሳጥናቸው ሲወጡ አካውንት ክፈት ይላሉ። እርምጃዬን ለመቁጠር ሰዓቱ ከባሕር ማዶ ሰርቨር ጋር መማከር ለምን እንዳስፈለገው አስረዱኝ ብል የሚያስረዳኝ አላገኘሁም። ኢንተርኔት ተቋርጦ ሳምንታት ያሳለፈ አገር ሰው ይህ ጥያቄ ለምን እንደሚቆረቁረው ይገባዋል። ነካኪዎች ለዚህም መላ አበጅተዋል። «ጋጀትብሪጅ» የሚባለው የአንድሮይድ አፕ ሰዓቱን ከስልኩ ጋር በብሉቱዝ ያገናኛል፤ ራሱ ግን ኢንተርኔት የመግባት ፈቃድ የለውም። የልብ ምትህ ስልክህ ውስጥ ይቀራል፤ ሌላ የሚሄድበት መንገድ የለውም።

ክፍት ከሚባሉት ሰዓቶች ብዙ የተባለለት «ፓይንታይም» ነው። ዋጋው ርካሽ፣ ጉልበቱም እንደ ዋጋው፤ 64 ኪሎባይት የሥራ ማኅደረ ትውስታ፣ 512 ኪሎባይት የፕሮግራም ቦታ። የዛሬ ስልክ ይህን ሲሰማ ይስቃል። እኔን የማረከኝ ግን አንድ ጠባዩ ነው። ጀርባው የታሸገ ስለሆነ የተበላሸ ፕሮግራም ብትጭንበት ከፍቶ ለማዳን ያስቸግራል። ስለዚህ አዲስ ፕሮግራም ሲጫንበት አሮጌውን አይጥለውም። አዲሱ ደህና መሥራቱን አይተህ በገዛ እጅህ እስክታጸድቀው ድረስ ይጠብቃል፤ ካላጸደቅህ ሲጠፋና ሲበራ ወደ ቀድሞው ይመለሳል። ጨርሶ ቢያብድ እንኳ ሲነሣ ቁልፉን ተጭኖ በመቆየት ወደ ነበረበት መመለስ ይቻላል። ይህን የሠራ ሰው የነካኪን ልብ ያውቃል። «አትነካካ» ከማለት «ንካ፣ ብታበላሸው እመልሰዋለሁ» ብሏልና።

እንግሊዛዊው ጎርደን ዊሊያምስ የሚሠራው «ባንግል ጄኤስ» ደግሞ ሌላ መንገድ ሄዷል። በጃቫስክሪፕት ነው የሚታዘዘው፤ ያለ ገመድ፣ ኮምፒውተር ላይ ካለ ብራውዘር በብሉቱዝ ኮዱን ትልክለታለህ፣ ወዲያው ይሠራል። ድረ ገጽ መሥራት የጀመረ ተማሪ ሰዓት ማዘዝ ይችላል ማለት ነው።

ስለ ፊደላችን ሳልናገር አላልፍም። ያ ብራዚላዊ ሰዓቴ የእናቴን መልእክት የሚያሳየኝ በባዶ ሳጥን ረድፍ ነበር፤ አራት ሳጥን፣ ክፍተት፣ ስድስት ሳጥን። «ደውልልኝ» ይሁን «ዳቦ ግዛ» በሳጥኑ ብዛት መገመት ለምጄ ነበር። ቦታ አይበቃም የሚል ሰው ቢመጣ አብረን እናስላው። ሠላሳ ሦስቱ ፊደላት በሰባት ሲባዙ 231 ናቸው። እያንዳንዱን በ16 በ16 ነጥብ ብንስለው 32 ባይት ይወስዳል። ሁሉም ተደምሮ 7,392 ባይት፤ በዚያች ደካማ ፓይንታይም ውስጥ እንኳ ከመቶ ሁለት እጅ የማይሞላ ቦታ ነው። ዲቃላዎቹንና ቁጥሮቹን ብንጨምር እንኳ እዚህ ግባ አይባልም። የጎደለው ቦታ አይደለም፤ በሩ ነው። በሩ ክፍት ቢሆን ከእኛ መካከል አንዱ ነካኪ ቅዳሜና እሑድ ተቀምጦ ይጨርሰው ነበር።

በመጨረሻ የልቤን ያደረሰው የሁላችንም የቀድሞ ወዳጅ ነው፤ ካሲዮ። ያቺ ኤፍ 91 ደብሊው የምትባለው ጥቁር የፕላስቲክ ሰዓት እ.ኤ.አ. ከ1989 ጀምሮ እየተሠራች ነው። ያላሰራት የለም። ጆይ ካስቲዮ የተባለ አሜሪካዊ ነካኪ በሆዷ ልክ የምትገባ «ሴንሰር ዎች» የተባለች ሰሌዳ ሠራ፤ የድሮዋን አውጥተህ አዲሷን ታስገባለህ፣ ስክሪኑም ሦስቱ ቁልፎችም የነበሩት ናቸው። በኮምፒውተር ገመድ ስትሰካት እንደ ፍላሽ ትታያለች፤ ፕሮግራምህን ጎትተህ ትጥልባታለህ። ዋሽንግተን ያለችው እህቴ በሻንጣዋ ይዛልኝ መጣች። «ይቺን ቁራጭ ነገር ነው ሦስት ወር የለመንከኝ?» አለችኝ።

ኮዱን ጻፍኩ። ሰዓቱን ከንጋት ማስቆጠር አሥር ደቂቃ አልፈጀም፤ ፒኤም የምትለዋን ምልክት ለሌሊት አደረግኋት። የወሩን ቀን ማስገባትም ቀላል ሆነ፤ ስክሪኑ ላይ የቀኑ አሥር ቤት ለ1፣ ለ2 እና ለ3 ብቻ የተሠራ ነው፣ የእኛ ወር ደግሞ ከ30 አያልፍም። ጳጉሜን ላይ ግን ወደቅሁ። ዓመቱ ለአራት እኩል ሲካፈል ስድስተኛውን ቀን ጨምር ብዬ ጻፍኩ፤ የፈረንጁ ልማድ እጄ ላይ ስለቀረ። የእኛ ጳጉሜን 6 የምትሆነው በዘመነ ሉቃስ መጨረሻ፣ ቀሪው ሦስት ሲሆን ነው። ሰዓቴ አንድ ዓመት ዘግይታ በዘመነ ዮሐንስ ልታከብር ነበር። አንድ አሃዝ ቀየርኩና ተስተካከለ።

ከዚያ የአጽዋማትና የበዓላት ማውጫው ባሕረ ሐሳብ አማረኝ። ሊቃውንቱ በቃል የሚያወርዱት ስሌት ለትንሽ ቺፕ የተሰፋ ይመስላል፤ ነጥብ ያለው ቁጥር የለበት፣ መደመር፣ መቀነስ፣ ማባዛትና ቀሪ መያዝ ብቻ። በእኛ አቆጣጠር 2018ን እንውሰድ። 5500 ሲጨመር 7518፤ በ19 ሲገደፍ 13፣ አንድ ስትቀንስ ወንበር 12። ወንበሩ በ11 ተባዝቶ በ30 ሲገደፍ አበቅቴ 12፣ በ19 ተባዝቶ ሲገደፍ መጥቅዕ 18። መጥቅዑ የሚውልበት መስከረም 18 እሑድ ዋለ፤ የእሑድ ተውሳክ 7 ነው፤ 18 እና 7፣ 25። ጾመ ነነዌ ጥር 25። የላይኛውን ቁልፍ ስጫን ካሲዮዋ 25 ብላ መለሰችልኝ። ብቻዬን ክፍል ውስጥ እልል ማለት ነው የቀረኝ።

ጉድለት የላትም አልልም። የድሮዋ ካሲዮ ባትሪ ሰባት ዓመት ይሄዳል፤ የእኔዋ ከዓመት ብዙም አትዘልም። የልብ ምት አትለካም። ፊደል ልጻፍባት ብል ስክሪኗ አይችልም። በአጠቃላይ ክፍት ሰዓቶች ከትልልቆቹ ኩባንያዎች ሥራ ጎን ሲቆሙ ያስቀናሉ አይባልም። ሰው ዋኝቶ፣ ሮጦ፣ ሐኪሙ ዘንድ የሚወስደው ልኬት ከፈለገ የእኔን ምክር አይስማ።

ፕሮግራሙን ጭኜ ጨርሼ ክዳኗን ስገጥም ግን አንድ ነገር አመለጠኝ። የማንቂያ ደወሉን ከጀርባ ክዳኑ የሚያገናኝ፣ ከሩዝ ፍሬ የሚያንስ ስፕሪንግ ነበር፤ ተፈናጥሮ አልጋ ሥር ገባ። ፈልጌ አጣሁት። ቀድሞ ፒያሳ የነበሩ፣ አሁን አራት ኪሎ አካባቢ ጠረጴዛ የዘረጉ ሰዓት ሠሪ ዘንድ ሄድኩ። ማጉያቸውን ዓይናቸው ላይ ሰክተው አራቱን ብሎን ፈቱና ሰሌዳዋን አዩ።

«ይህ የካሲዮ አይደለም።»

«አዎ ጋሼ፣ ሌላ ነው። እኔ ነኝ ያስገባሁት።»

ምንም አላሉም። ከቆርቆሮ ጣሳቸው ውስጥ በፒንሳ የድሮ ስፕሪንግ አውጥተው አስቀመጡ፣ ክዳኑን መልሰው ደወሉን ሞከሩ። ጮኸ። ፊቷን ወደ እርሳቸው አዙረው ቆዩ።

«በእኛ ነው እንዴ የምትቆጥረው?»

«በእኛ ነው። ቀኑም በእኛ ነው፣ ጳጉሜንንም ታውቃለች፣ ነነዌንም ታወጣለች።»

ጠረጴዛቸው ላይ የተደረደሩትን ሰዓቶች አንድ በአንድ አዩ፤ ከዚያ የገዛ እጃቸውን። የእኔዋን መልሰው አቀበሉኝ።

«ሁለት ደቂቃ ትቀድማለች» አሉ።