ለአሮጌ ላፕቶፕ የሚስማማውን መጫኛ ስለ መፈለግ

ላፕቶፕ የተባለው የጽሕፈትና የሒሳብ መሣሪያ ዛሬ በብዙ ቤት ይገኛል። ብዙውን ጊዜም አዲስ ሆኖ የተገዛ አይደለም፤ በውጭ አገር የሚኖር ዘመድ ሲጠቀምበት ቆይቶ የላከው፣ ወይም ከመሥሪያ ቤት በጨረታ የወጣ፣ ወይም ታላቁ ልጅ ትምህርቱን ሲጨርስ ለታናሹ ያወረሰው ነው። እንዲህ ያለው መሣሪያ ዐሥር ዓመት አልፎት መንቀራፈፍ ሲጀምር፣ የቤቱ ጌታ «አርጅቷልና ይጣል» ይላሉ፤ ልጆች ደግሞ «አዲስ ዊንዶውስ ይጫንበት» ይላሉ። እኛ ግን ከሁለቱም በፊት ሊጠየቅ የሚገባው ሌላ ነገር ነው እንላለን፤ ይኸውም መሣሪያው የትኛውን መጫኛ ሊቀበል ይችላል የሚለው ነው።

ነገሩ በእነዚህ ዓመታት የበረታበት ምክንያት የታወቀ ነው። የማይክሮሶፍት ኩባንያ ዊንዶውስ 10 ለተባለው ሥራው ሲሰጥ የነበረውን መደበኛ የጥበቃ ማደሻ በጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም.፣ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በኦክቶበር 14 ቀን 2025፣ አቁሟል። በተለየ ምዝገባ ጊዜውን ካራዘሙት በቀር፣ የቀሩት ሁሉ በራቸው ያለ ዘበኛ እንደ ቀረ ያህል ነው። ስለዚህ ብዙ ሰው በአንድ ጊዜ አዲስ መጫኛ ፍለጋ ተነሣ።

ኦፐሬቲንግ ሲስተም ማለት በትልቅ ቤት ውስጥ እንዳለ አዛዥ ነው። ከጌታው ትእዛዝ ይቀበላል፣ ለሠራተኛው ያደላድላል፣ የጓዳውንም ቁልፍ ይይዛል። መጫኛ የምንለው ይህን አዛዥ ወደ ቤቱ የሚያስገባው ፋይል ነው። አዛዡ ምንም ዐዋቂ ቢሆን ከቤቱ ስፋትና ከሠራተኛው ልማድ ጋራ ካልተስማማ ሥራው አይቃናም፤ ብዙ ጊዜም ከበሩ አይገባም። መጫኛ በገፍ ይገኛል፤ የሚያስቸግረው የሚስማማውን ማግኘት ነው።

ይህን ጽሑፍ እንድናዘጋጅ ያደረገን አንዲት እመቤት የላኩልን ደብዳቤ ነው። ሴት ልጃቸው ከአሜሪካ የላከችላቸው በ2011 እ.ኤ.አ. የተሠራ ላፕቶፕ አላቸው፤ በውስጡም ያለው ዊንዶውስ 7 ነው። ነፍሳቸውን ይማርና ባለቤታቸው በመጨረሻ ዘመናቸው የቤተ ሰቡን የትውልድ ታሪክ በዚሁ መሣሪያ በቪዥዋል ግዕዝ ፊደል ጽፈውበት ነበር። አሁን የልጅ ልጃቸው ለትምህርቱ ስለ ፈለገው ወደ ሱቅ ቢወስዱት፣ አንዱ ጠጋኝ «ይህ አልቆለታል፤ አዲስ ይግዙ» አላቸው፤ ሁለተኛው ደግሞ «ፎርማት አድርጌ ዊንዶውስ 11 እጭንልዎታለሁ» አላቸው። ፎርማት የተባለው ነገር ታሪኩን ጨርሶ የሚያጠፋ መሆኑን ግን ማንም አልነገራቸውም። እመቤቲቱም ከሁለቱ የማንኛቸውን ምክር ይቀበሉ ዘንድ ይጠይቁናል። የማንኛቸውንም እንዳይቀበሉ እንለምናቸዋለን።

በመጀመሪያ መሣሪያውን ራሱን መጠየቅ ይገባል። በዊንዶውስ 7 ላይ «ኮምፒዩተር» በሚለው ምልክት ላይ የማውሱን ቀኝ ቁልፍ ተጭኖ «ፕሮፐርቲስ» የሚለውን ሲመርጡ፣ የፕሮሰሰሩ ስምና የራሙ መጠን ይታያል። በዊንዶውስ 10 ይኸው ነገር በ«ሴቲንግስ» ውስጥ «ሲስተም»፣ ከዚያም «አባውት» በሚለው ሥር ይገኛል። የኢንቴል ፕሮሰሰር የሆነ እንደ ሆነ ትውልዱ ከስሙ ይነበባል። ለምሳሌ አይ5-2520ኤም የሚል ቢሆን፣ ከሰረዙ ቀጥሎ ያለው 2 ቍጥር ሁለተኛ ትውልድ መሆኑን ያስረዳል፤ አይ5-8250ዩ የሚለው ስምንተኛ ትውልድ ነው። ከሰረዙ በኋላ ሦስት አኃዝ ብቻ ያለው፣ እንደ አይ5-520ኤም ያለው፣ የመጀመሪያው ትውልድ ነው። ሰው የትውልድ ሐረጉን በሚቈጥርበት አገር ይህን መቍጠር ለማንም የሚከብድ አይመስለንም።

የእመቤቲቱ መሣሪያ በዚህ አነባበብ ሁለተኛ ትውልድ ሆኖ፣ 4 ጊጋባይት ራም ያለው ሆኖ ተገኝቷል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ ከጥቂቶች በቀር ከስምንተኛው ትውልድ በታች ያለውን የኢንቴል ፕሮሰሰር አይቀበልም። በዚህም ላይ ቲፒኤም 2.0 የተባለ የምስጢር መጠበቂያ፣ 4 ጊጋባይት ራምና 64 ጊጋባይት ማከማቻ ይጠይቃል። ጠጋኙ በብልኃት አሳልፎ ሊጭነው ይችል ይሆናል፤ እንዲህ ያለ መንገድ መኖሩን እናውቃለን። ነገር ግን ኩባንያው በማይፈቅደው መሣሪያ ላይ ለተጫነው ወደ ፊት ማደሻ ለመስጠት ዋስትና አይሰጥም። ከዚያ በፊት የነበሩት ኮር 2 ዱኦ የተባሉት ፕሮሰሰሮችማ፣ በ2024 እ.ኤ.አ. የወጣው የዊንዶውስ 11 እትም የሚፈልገው አንድ ትእዛዝ በውስጣቸው ስለሌለ፣ በብልኃትም አይሆኑም።

እንግዲህ ለእንዲህ ያለው ዕድሜ ተስማሚ ሆኖ ያገኘነው ሊኑክስ ነው። ሊኑክስ በዓለም ላይ ያሉ ዐዋቂዎች በኅብረት የሚሠሩትና ብዙውን ጊዜ ያለ ዋጋ የሚገኝ ሥርዐት ሲሆን፣ በልዩ ልዩ ስም ይሰናዳል። ለዊንዶውስ ለማዳ የሆነ ሰው ብዙም የማይደናገርበት ሊኑክስ ሚንት ነው። በጁላይ 2024 እ.ኤ.አ. የወጣው 22ኛው እትም እስከ 2029 እ.ኤ.አ. ድረስ ማደሻ እንዲሰጠው የታቀደ ነው። ቢያንስ 2 ጊጋባይት ራምና 20 ጊጋባይት ማከማቻ ይበቃዋል፤ 4 ጊጋባይት ራም ቢኖር ይመረጣል። ከሦስቱ መልኮቹ «ኤክስኤፍሲኢ» የተባለው ቀላሉ ስለ ሆነ ለአሮጌ መሣሪያ እርሱን እንመርጣለን። ለደብዳቤና ለሒሳብ የሚሆነው ሊብሬኦፊስም አብሮት ይመጣል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሰናከልበት አንድ ነገር አለና ጥቂት እንቈይበት። ፕሮሰሰሮች በ32 ቢት ወይም በ64 ቢት የሚሠሩ ናቸው። ዛሬ የሚወጡት መጫኛዎች ከጥቂቶች በቀር ለ64 ቢት ብቻ የተሰናዱ ናቸው። ኡቡንቱ ለ32 ቢት የሚሆነውን የዴስክቶፕ መጫኛ በ2017 እ.ኤ.አ. ተወ፤ ዴቢያንም በኦገስት 2025 እ.ኤ.አ. ባወጣው 13ኛው እትም ለ32 ቢት መጫኛ ማዘጋጀቱን አቆመ። በ2008 እ.ኤ.አ. ገደማ የተሸጡት፣ አቶም ኤን270 ያለባቸው ትንንሽ ላፕቶፖች ግን 32 ቢት ብቻ ናቸው። ለእነዚህ ወይ 12ኛውን ዴቢያን፣ ወይም ለአሮጌ መሣሪያ ታስቦ የሚሰናዳውን አንቲኤክስን መፈለግ ግድ ነው። ደግሞ ዊንዶውስ 7 በመግለጫው ላይ «32 ቢት» ብሎ ሲጽፍ ስለ ራሱ መናገሩ እንጂ ስለ ፕሮሰሰሩ መናገሩ አይደለም፤ ፕሮሰሰሩ 64 ቢት ሆኖ ሳለ 32 ቢት ዊንዶውስ የተጫነበት መሣሪያ ብዙ ነው። ስለዚህ የፕሮሰሰሩን ስም ይዞ ከኢንቴል ከራሱ መዝገብ ማየት ይሻላል። ከዚህም የባሰ ተንኰለኛ አለ። በ2014 እ.ኤ.አ. ገደማ የወጡት አቶም ዜድ3735ኤፍ ያለባቸው ርካሽ መሣሪያዎች ፕሮሰሰራቸው 64 ቢት ሲሆን፣ መሣሪያውን ከእንቅልፉ የሚያነሣው ዩኢኤፍአይ የተባለው ሥርዐት ግን 32 ቢት ነው። ቤቱ ሰፊ ሆኖ በሩ ጠባብ ነው ማለት ነው፤ እንግዳውም ከደጅ ይመለሳል። ባለቤቱም መጫኛው የተበላሸ እየመሰለው ደጋግሞ በከንቱ ያወርዳል።

የአፕል መሣሪያ ያላቸውም አንባቢያን ተመሳሳይ ነገር ይገጥማቸዋል። ከኦክቶበር 2019 እ.ኤ.አ. በፊት ወርዶ የተቀመጠ የአፕል መጫኛ የምስክር ወረቀቱ ጊዜ ስላለፈ፣ ፋይሉ ደኅና ሆኖ ሳለ «ተበላሽቷል» የሚል መልስ ሊሰጥ ይችላል። መድኃኒቱ ያንኑ እትም ከአፕል ከራሱ ዘንድ እንደገና ማውረድ ነው።

መጫኛው የሚወሰደው ከሠሪው ከራሱ ዘንድ ብቻ ነው። በየሱቁ ከእጅ ወደ እጅ በፍላሽ የሚዞረውና «ክራክ» የተደረገ የሚባለው ዊንዶውስ፣ ማን ምን እንደ ጨመረበት አይታወቅም። የመንግሥት ደብዳቤ በቤታቸው የሚጽፉ ሹማምንት፣ የባንክ ቍጥራቸውንም በዚያው መሣሪያ የሚከፍቱ ሰዎች፣ ማኅተማቸውን ለማያውቁት ሰው እንደማይሰጡ ሁሉ ይህንንም ሊያስቡበት ይገባል። የሊኑክስ ሠሪዎች ከፋይሉ ጋራ ኤስኤችኤ 256 የተባለ፣ 64 ፊደልና አኃዝ የያዘ የማመሳከሪያ ቍጥር ያወጣሉ። የወረደው ፋይል ቍጥር ከዚያ ጋራ አንድ ፊደል እንኳ ቢለያይ፣ ወይ ሲወርድ ጐድሏል ወይም ተነካክቷልና አይጫንም። ፋይሉ ወደ 3 ጊጋባይት የሚጠጋ ስለ ሆነ የኢንተርኔቱ ወጪ ቀላል አይደለም፤ አንድ ጊዜ ወርዶና ተመሳክሮ ለዘመድ ቤቶች ሁሉ ቢበቃ መልካም ነው።

ከዚህ በኋላ 8 ጊጋባይት የሚይዝ ባዶ ፍላሽ ተወስዶ፣ ሩፉስ ወይም ኤቸር በተባለው መሣሪያ መጫኛው ይጻፍበታል። በፍላሹ ላይ የነበረ ነገር ይጠፋል። ላፕቶፑ ሲነሣ ከፍላሹ እንዲጀምር የሚያደርገው ቁልፍ በዴልና በብዙው ሌኖቮ ኤፍ12፣ በኤችፒ ኤስኬፕና ኤፍ9 ነው።

ሚንት ሲነሣ ወዲያው አይጫንም፤ ከፍላሹ ላይ ሆኖ መሣሪያውን ሳይነካ እንዲሞከር ይፈቅዳል። ይህ ከሁሉ የምንወድለት ጠባዩ ነው። አዲስ አሽከር ከመቀጠሩ በፊት ለጥቂት ቀን እንደሚታይ፣ እዚህም ዋይፋዩ መያዙን፣ ድምፁ መሰማቱን፣ የመስተዋቱ ብርሃን ከፍና ዝቅ ማለቱን፣ ካሜራውና ማተሚያው መታዘዙን ሁሉ መመርመር ነው። ከፍላሽ ሲሠራ ይዘገያልና በፍጥነቱ አይፈረድበት። ብዙ ጊዜ እንቢ የሚለው የዋይፋዩ ክፍል ነው፤ በተለይ ብሮድኮም የተባለው ሠሪ ሥራ ከሆነ የተለየ ድራይቨር ይፈልጋል፤ ይህም በስልክ ገመድ ኢንተርኔት አስገብቶ ሊጨመር ይችላል። ሙከራው ካላረካ ፍላሹን አውጥቶ መሣሪያውን እንደ ነበረ መመለስ ነው፤ የጠፋ ነገር የለም።

አማርኛ ለመጻፍ የሚሰጉ አሉ። በሊኑክስ ላይ አይባስና ኤም17ኤን የተባሉት ሲጨመሩ በላቲን ድምፅ የተጻፈውን ወደ ፊደላችን ይለውጣሉ፤ አቢሲኒካ የተባለው መልካም የፊደል ቅርፅም ያለ ዋጋ ይገኛል።

የእመቤቲቱ ታሪክ ግን ሌላ ጥንቃቄ ይሻል። ፊደላችን ዩኒኮድ በተባለው የዓለም መዝገብ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው። ቪዥዋል ግዕዝና የመሰሉት የቀድሞ ጽሕፈቶች ግን በላቲን ፊደል ቦታ ላይ የግዕዝን መልክ የሚያለብሱ ነበሩ። ስለዚህ ያ የፊደል ቅርፅ በሌለበት መሣሪያ ላይ ጽሑፉ ቢከፈት፣ ትርጕም የሌለው የላቲን ፊደል ክምር ሆኖ ይታያል። ፋይሉን ብቻ ገልብጦ የዳነ የሚመስለው ሰው የተሳሳተ ነው። አሮጌው ዊንዶውስ ገና በሕይወት ሳለ፣ ጽሑፉ ያንኑ ፊደል እንደ ለበሰ ተከፍቶ ወደ ፒዲኤፍ ይለወጥ፤ ዎርድ 2010 ከሆነ ሌላ መሣሪያ ሳያስፈልግ ይህን ያደርጋል። በፒዲኤፉ ውስጥ የፊደሉ መልክ አብሮ ስለሚቀመጥ በማንኛውም መሣሪያ እንደ ተጻፈ ይነበባል። ዋናው ፋይልም፣ በዊንዶውስ «ፎንትስ» በተባለው ማኅደር ውስጥ ያለው የቪዥዋል ግዕዝ ፊደልም፣ ፎቶግራፎቹም በሁለት ልዩ ልዩ ፍላሽ ላይ ይገልበጡ። አንዱ በእመቤቲቱ ሣጥን ይቀመጥ፤ የሁለተኛው ግልባጭ አሜሪካ ላለችው ልጃቸው ይላክ። ፒዲኤፉ በሌላ ሰው ኮምፒዩተር ላይ ተከፍቶ፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ገጽ መነበቡ ሳይረጋገጥ መጫኑ አይጀመር። አንድ ቅጂ በወረቀት ታትሞ ቢጠረዝ ደግሞ፣ የልጅ ልጃቸው ሚንትን እየለመደ ሳለ እርሳቸው የባለቤታቸውን ጽሑፍ በእጃቸው ይዘው ሊያነቡት ይችላሉ።