«ሲጋራውን እንኳ አንከልክለው» ለምትሉ ቤተሰቦች



«ዶክተር፣ ሁሉ ነገር ቀርቶበታል፤ ሲጋራውን እንኳ አንከልክለው፣ የሚያረጋጋው እሱ ነው።» እዚህ ደሃና የአእምሮ ሕመምተኛ የሚያስታምሙ ቤተሰቦች እንዲህ ይሉኛል። ከጎደላቸው ላይ ቆጥበው የሚገዙለትም አሉ። ከፍቅር እንደሆነ አውቃለሁ፤ ግን አልስማማም።

ሲጋራ የሚያረጋጋ የሚመስለው ራሱ ያመጣውን ጭንቀት ለጊዜው ስለሚያስታግስ ነው። ኒኮቲን በሰከንዶች ውስጥ አንጎል ይደርሳል፣ ደስ ያሰኛል። ከሰዓታት በኋላ ሲቀንስ መነጫነጭ፣ መቁነጥነጥና መከፋት ይመጣል። ቀጣዩ ሲጋራ ይህን ሲያጠፋ ታካሚው «ለሕመሜ መድኃኒት ነው» ይላል። በ2014 እ.ኤ.አ. 26 ጥናቶችን አንድ ላይ የመረመሩ ተመራማሪዎች ያገኙት ተቃራኒውን ነው፦ ሲጋራ ያቆሙ ሰዎች ከቀጠሉት ይልቅ ድብርታቸውና ጭንቀታቸው ቀንሷል። የአእምሮ ሕመም ያለባቸውም ጭምር።

ታዲያ ለምን ይጀመራል? ብዙ ጊዜ መልሱ ያለው ልጅነት ውስጥ ነው። በ1998 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ የታተመ ታዋቂ ጥናት አዋቂዎችን ስለ ልጅነታቸው ጠየቀ፦ ተደብድበው ነበር? ተደፍረው ነበር? እናታቸው ስትመታ አይተዋል? ቤት ውስጥ ሰካራም ወይም የአእምሮ ሕመምተኛ ነበር? መከራው በበዛ ቁጥር ድብርቱም ሲጋራውም በዝቶ ተገኘ።

እኛ ዘንድ ደግሞ ድርቅና ጦርነት ይጨመርበታል። በ2013 ዓ.ም. መጨረሻ ጦርነቱ ዋግ ኽምራ ሲገባ የ10 ዓመት ልጅ የነበረው ዛሬ ጎረምሳ ነው። ያኔ «ልጅ ነው፣ ይረሳል» ብለናል። ልጅ ግን አይረሳም፤ ዝም ይላል እንጂ። ይህን የምለው ወላጅን ለመውቀስ አይደለም። መከራ ያየ ልጅ ሁሉ አይታመምም፤ የሚሰማው አንድ የሚያምነው አዋቂ ካለው በጣም ይረዳዋል።

ስለዚህ አደራ የምላችሁ፦

✅ ልጃችሁ እየባነነ ከተነሣ፣ ሽንቱ ካመለጠው፣ ከጓደኞቹ ከራቀ ወይም ቁጡ ከሆነ አትምቱት። አጠገቡ ተቀምጣችሁ «ምን ሆንክብኝ?» በሉት።

✅ ሲጋራ ግዛ ብላችሁ ልጅ ሱቅ አትላኩ። በአዋጅ ቁጥር 1112/2011 መሠረት ዕድሜው ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው ሲጋራ መሸጥ ክልክል ነው።

✅ ሲያጨስ ያገኛችሁትን ልጅ አታዋርዱት። በአገራችን አጫሽ ይነወራል፤ ስለዚህ ይደበቃል፣ የተደበቀ ደግሞ እርዳታ አያገኝም።

✅ ታካሚዎች፣ ሲጋራ ስታቆሙ መድኃኒታችሁን አብራችሁ አታቁሙ። ለሐኪማችሁ ግን ንገሩ። የሲጋራ ጭስ እንደ ኦላንዛፒንና ክሎዛፒን ያሉ መድኃኒቶችን ቶሎ ከሰውነት ያስወጣል፤ ሲጋራው ሲቆም መድኃኒቱ ደም ውስጥ ስለሚጨምር መጠኑ መስተካከል ሊኖርበት ይችላል።

✅ የመጀመሪያው ሳምንት ይከብዳል፤ ከዚያ በሳምንታት ውስጥ እየቀለለ ይሄዳል። ቤተሰብ በእነዚያ ቀናት ቁጣውን ይታገሥ።

✅ ጸበል የሚሄድም መድኃኒቱን ይቀጥል።

⚠️ «መኖር ሰለቸኝ» ወይም «ራሴን አጠፋለሁ» የሚል ሰው ካለ ለብቻው አትተዉት። በዚያው ቀን በአቅራቢያችሁ ወዳለ ጤና ተቋም ውሰዱት።

እኛም ሐኪሞች ጥፋት አለብን። «ሕመምተኛ ነው፣ ሲጋራው ምን ያደርገዋል» ብለን መድኃኒት ጽፈን እንሸኛለን። ስለ ማጨሱም ስለ ልጅነቱም አንጠይቅም። የአእምሮ ሕመምተኛም እኮ ልብና ሳንባ አለው፤ እንደማንኛችንም ረጅም ዕድሜ ይገባዋል።

ለምትወዱት ሕመምተኛ ሲጋራ ከምትገዙለት ጊዜ ስጡት። ሐኪማችሁ ካልጠየቃችሁ ደግሞ እናንተ ቀድማችሁ ንገሩት።

ለሌሎች ወላጆች እንዲደርስ ሼር አድርጉት። ጤና ይብዛላችሁ!