ሰሚ ያጣው ደብዳቤ

«እያሳሳቀ ይወስዳል እንደ ውሃ» የሚለው የአባቶች ተረት ስለ ሰው ተንኮል የተነገረ ቢሆንም፤ ዛሬ ለውድ አንባቢዎቻችን የምናወጋው ስለ ራሱ ስለ ውሃው ነው።

ካያክ የምትባለው ጀልባ ጠባብና ቀላል ናት። ቀዛፊው እግሩን ዘርግቶ ከውስጧ ይቀመጥና በሁለት በኩል ምላስ ባለው መቅዘፊያ ግራና ቀኝ እያለ ይነዳታል። ከዳር ሆኖ ላያት ጨዋታ ትመስላለች፤ ላልለመዳት ግን ቶሎ ትገለበጣለች። ስለዚህ ደኅና አሠልጣኝ ለጀማሪ አስቀድሞ የሚያስተምረው፤ በረጋ ውሃ ላይ ተገልብጦ ሳይደነግጡ ከውስጧ መውጣትን ነው።

በአውሮፓ አቈጣጠር ማርች 22 ቀን 1993 (መጋቢት 13 ቀን 1985 ዓ.ም.) በእንግሊዝ አገር፤ ከፕሊመዝ ከተማ የመጡ 8 ተማሪዎች ከአንድ መምህራቸውና ከ2 አሠልጣኞች ጋራ ከላይም ሪጂስ በካያክ ተነሡ። አሳባቸው ዳር ዳሩን ቀዝፈው በቅርብ ወዳለችው ወደ ቻርማውዝ ለመድረስ ነበር። ነገር ግን ከየብስ ወደ ባሕር የሚነፍስ ነፋስ ክፉ ጠባይ አለው፤ በዳር በኩል ውሃው በየብሱ ተከልሎ የተኛ ይመስላል፤ ራቅ ሲሉ ግን ነፋሱ ይበረታና መመለሻ ይከለክላል። የመምህሩ ጀልባ ተገለበጠ፤ አንደኛው አሠልጣኝ እርሱን ለመርዳት ሲቀር፤ የቀሩትን ነፋሱ ወደ ጥልቁ ወሰዳቸው፤ ጀልባዎቻቸውም በውሃ እየተሞሉ ሰጠሙ። ከወገብ ታስሮ የጀልባዋን አፍ የሚዘጋው መሸፈኛ አልተሰጣቸውም፤ የድረሱልን ምልክት የሚሰጥ ርችትም አልያዙም። ለባሕር ጠባቂዎች የተነገረውም መመለስ ከነበረባቸው ሰዓት ብዙ ቈይቶ ነው። በዚያ ብርዳም ውሃ ውስጥ ለሰዓታት ከቈዩት መካከል 4 ወጣቶች ሞቱ።

ከሁሉ ይልቅ የሚያሳዝነው ነገሩ አስቀድሞ የታወቀ መሆኑ ነው። በ1992 በዚያው ማሠልጠኛ ይሠሩ የነበሩ 2 አሠልጣኞች ሥራቸውን ለቀው፤ የጥንቃቄውን ጉድለት ካላረመ ብርቱ አደጋ እንደሚደርስ ለድርጅቱ ሥራ አስኪያጅ በደብዳቤ አስታውቀው ነበር። ደብዳቤው ደረሰ፤ ጉድለቱ ግን አልታረመም።

በ1994 ፍርድ ቤቱ ሥራ አስኪያጁን በ3 ዓመት እሥራት ቀጣው፤ በይግባኝም ወደ 2 ዓመት ዝቅ አለለት። ድርጅቱም ራሱ ሰው በመግደል ወንጀል ጥፋተኛ ተብሎ 60,000 ፓውንድ እንዲከፍል ተፈረደበት። በዚያ አገር ድርጅት በእንዲህ ያለ ወንጀል ሲፈረድበት የመጀመሪያው ነው። በ1995 ፓርላማው ሕግ አወጣ፤ ከ1996 ጀምሮም ዕድሜያቸው ከ18 ዓመት በታች የሆኑትን ወጣቶች ገንዘብ ተቀብሎ ካያክና ይህን የመሰለ ስፖርት የሚያስተምር ድርጅት፤ የአሠልጣኞቹ ችሎታና የጥንቃቄው ሥርዓት ተመርምሮ ፈቃድ እንዲያወጣ ተደረገ።

«ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» ማለት ይህ አይደለምን? ሕጉ መልካም ሕግ ነው፤ ነገር ግን 4 ወጣቶች ካለፉ በኋላ መጣ። ሁለቱ አሠልጣኞች የጻፉት ደብዳቤ ግን በጊዜው መጥቶ ነበር፤ ያጣው ሰሚ ብቻ ነው።

እናንተ ተማሪዎች፤ ወደ ውሃም ሆነ ወደ ተራራ ሲወስዷችሁ «የዛሬው ነፋስ እንዴት ነው? ብንገለበጥ ምን እናድርግ? በሰዓቱ ባንመለስ ማን ይፈልገናል?» ብላችሁ ጠይቁ። መጠየቅ ፈሪ አያሰኝም፤ ቢያሰኝም በሕይወት ያለ ፈሪ መሆን ይሻላል። እናንተም በየመሥሪያ ቤቱ ያላችሁ ወጣት ጸሐፊዎች፤ የሰው ሕይወት የሚነካ ማስጠንቀቂያ በእጃችሁ ሲገባ «ከመዝገቡ ጋራ ይያያዝ» ብላችሁ ብቻ አትለፉት። ለአለቃችሁ አቅርቡት፤ መልስ ካጣም ደግማችሁ አቅርቡት። ከተያያዘ በኋላ አቧራ የሚጠጣው ወረቀት ብቻ ላይሆን ይችላል።